ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው ግድግዳ

በ1949 በወጣ «ክሪስ ክሮስ» የተባለ የሆሊውድ ፊልም ውስጥ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ስለ ዘረፋ ይመክራሉ። በርት ላንካስተር መሃላቸው አለ። የተመልካች ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ፊልሙም የተሠራው ለዚያ ነው። እኔ የማየው ግን መስኮቱን ነው። ከመስኮቱ ውጭ ሁለት ትናንሽ የባቡር ፉርጎዎች ቀጥ ያለ ዳገት ላይ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ይታያሉ። ታሪኩ ስለ ባቡሩ አይደለም። ባቡሩ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል።

(የአሜሪካውን ታሪክ በፈረንጆቹ ዓመት፣ የአዲስ አበባውን በኛው ዓመት ነው የምጽፈው።)

ያ ባቡር ኤንጀልስ ፍላይት ይባላል። ሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ፣ ባንከር ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ሰው የሚያመላልስ፣ በ1901 መጨረሻ ሥራ የጀመረ አጭር ሐዲድ ነው። ኮረብታው ላይ መጀመሪያ ሀብታሞች ትልልቅ የእንጨት ቤቶች ሠርተው ነበር። በኋላ ሀብታሞቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄዱ ቤቶቹ እየተከፋፈሉ ለኪራይ ዋሉ። ጡረተኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ከሩቅ የመጡ ስደተኞች ገቡባቸው። ከተማው በ1959 ሰፈሩን የማፍረስ ዕቅድ አጸደቀ። 54 ሄክታር ገደማ ነው። ቤቶቹ ብቻ አይደሉም የፈረሱት፤ የኮረብታው አናት ራሱ ተላጨ፣ መንገዶች ከካርታ ጠፉ። ሁለት አሮጌ ቤቶችን ለቅርስ ብለው በ1969 ወደ ሌላ ቦታ አዘዋወሯቸው፤ በዚያው ዓመት እሳት በላቸው። ዛሬ እዚያ ያለው ፎቅና የሙዚቃ አዳራሽ ነው።

እኔ ሎስ አንጀለስን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ግን ባንከር ሂል ላይ የትኛው ቤት ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበረ በደንብ ነው የማውቀው። ሌሊት ኮድ ስጽፍ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም ጎን ላይ ከፍቼ የመተው ልማድ ነበረኝ። ቀስ በቀስ ኮዱን ትቼ ፊልሙን ማቆም፣ ፊልሙንም ትቼ ከተዋናዮቹ ኋላ ያለውን መፈለግ ጀመርኩ። በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። አንዱን ፍሬም አቁሞ «ይሄ ግድግዳ የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ሱስ ያስይዛል።

ነገሩ በዘፈቀደ የሚሠራ አይደለም፤ ሕግ አለው። የመጀመሪያው ሕግ ያልፈረሰ ነገር መፈለግ ነው። ባንከር ሂል ላይ ያ ነገር ዋሻ ነው። የሦስተኛው ጎዳና ዋሻ ኮረብታውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ እሱም ከባቡሩ ጋር በአንድ ዘመን የተከፈተ ነው፤ እስከ ዛሬ መኪና ያሳልፋል። ዛሬም የቆመ ነገር አንድ ፍሬም ውስጥ ከጠፋ ነገር ጎን ከታየ፣ ከዚያ መለካት ይጀመራል። ሁለት ቋሚ ነገሮች አንዱ ከሌላው ኋላ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ ካሜራው የግድ በነሱ መስመር ላይ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሌላ ጥንድ ካገኘህ ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ ካሜራ ማኑ የቆመበት ነው። የቀያሾች የድሮ ዘዴ ነው፤ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል።

ሁለተኛው ሕግ የቆመውን ሁሉ አለማመን ነው። ኤንጀልስ ፍላይት ዛሬም አለ፤ ቱሪስት ይሳፈርበታል። በ«ላ ላ ላንድ» ፊልምም ታይቷል። ግን በ1969 ተነቅሎ መጋዘን ገባ፣ በ1996 እንደገና ሲተከል ከድሮ ቦታው ግማሽ ብሎክ ያህል ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዛሬ ባቡሩ ሥር ቆሞ የድሮውን ፊልም ስልኩ ላይ ከፍቶ ቢያስተያይ ምንም አይገጥምለትም። ስሙ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ቦታው ሌላ ነው። ዋሻው ነው እውነቱን የሚናገረው።

ሦስተኛው ሕግ ወረቀት ነው። አሜሪካኖች የእሳት መድን ካርታ የሚባል ነገር አላቸው። ሳንቦርን የተባለ ኩባንያ የየከተማውን እያንዳንዱን ቤት፣ ግድግዳው ጡብ ከሆነ በሮዝ፣ እንጨት ከሆነ በቢጫ እየቀባ መዝግቦታል። ዓላማው ለመድን ድርጅት የቃጠሎ አደጋን ማስላት ነበር። የጠፋ ከተማ ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ጆን ቤንግትሰን የሚባል የሕግ ባለሙያ እንዲህ ባሉ ካርታዎችና በድሮ ፎቶዎች ተረድቶ የነ ቻርሊ ቻፕሊንንና የነ በስተር ኪተንን ድምፅ አልባ ፊልሞች ቦታ አንድ በአንድ ለቅሞ መጻሕፍት አሳትሟል። ሆሊውድ ውስጥ ሦስቱ የዘመኑ ታላላቅ ቀልደኞች፣ ቻፕሊን በ«ዘ ኪድ»፣ ኪተን በ«ኮፕስ»፣ ሃሮልድ ሎይድ በ«ሴፍቲ ላስት»፣ አንዲቱን ጠባብ መተላለፊያ በሦስት ዓመት ውስጥ እንደተጠቀሙባት ያሳየን እሱ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ቆሻሻ ሲደፋባት የኖረች መተላለፊያ ናት።

አራተኛው ሕግ ጥላ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው፣ እንቆቅልሽ። ሐሳቤን የቀየረው «ዘ ኤግዛይልስ» የሚባል ፊልም ነው። ኬንት ማኬንዚ የተባለ ወጣት ነው የሠራው፤ በ1961 ቬኒስ ላይ ታየ፣ ከዚያ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ በ2008 ታድሶ ወጣ። ከተከለለላቸው መሬት ለቀው ወደ ከተማ የመጡ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ልጆች ባንከር ሂል ላይ አንድ ሌሊት እንዴት እንደሚያሳልፉ ያሳያል። ተዋናይ አይደሉም፤ ራሳቸውን ነው የሚጫወቱት። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ገበያ ትገዛለች፣ ትራመዳለች፣ ብቻዋን ታስባለች።

ያንን ካየሁ በኋላ ወደ ዘረፋ ፊልሞቹ ስመለስ አንድ ነገር ታየኝ። በ1955ቱ «ኪስ ሚ ዴድሊ» መርማሪው ወደ ባንከር ሂል የሚወጣው ጨለማ ነገር ሊፈልግ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ወደዚያ ኮረብታ የሚሄዱት ወንጀለኛ፣ የተደበቀ ሰው፣ የወደቀ ሕይወት ማሳየት ሲፈልጉ ነው። ከተማውም በዚያው ዘመን ሰፈሩን የበሰበሰ ነው ይል ነበር። ፊልሞቹ ሰፈሩን አፈረሱት ልል አልችልም። ግን ፊልሙም ዕቅዱም አንድ ዓይነት ዓይን ነበራቸው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ሳይሆን የሚፈራ ቦታ ነበር የሚያዩት።

ደግነቱ ካሜራ ሊያሳይ ካሰበው በላይ ነው የሚቀዳው። ዳይሬክተሩ ወንጀለኛ ሲያሳይ፣ ከኋላ አንዲት ባልቴት ልብስ ታሰጣለች። ዳይሬክተሩ ፍርሃት ሲያሳይ፣ በረንዳው ላይ የአበባ ማሰሮ አለ። ስለ ባልቴቷ ሊዋሽ ያሰበ ሰው የለም፤ ስላላያት። ለዚህ ነው ከፊት ካለው ይልቅ ከኋላ ያለውን የማምነው።

*

ይሄን ሁሉ በሰው አገር ኮረብታ ላይ የተማርኩት ሁሉ ነገር እጅ ስር ስላለ ነው። ፊልሙ አለ፣ ካርታው ተስሏል፣ ፎቶው ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። ግን በመጋቢት 2016 ፒያሳ መፍረስ ሲጀምር፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ሲከተል፣ ዘዴውን የራሴ ከተማ ላይ መሞከር ግድ ሆነብኝ። ወዲያው ግድግዳ ገጨሁ። የፈረሰ ግድግዳ።

አዲስ አበባ የጠፋ ነገር የምታስቀምጥበት የራሷ መንገድ አላት፤ አፏ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ካዛንቺስ ማለት ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለት መሥሪያ ቤት ስም ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»። ጣሊያኑ ከሄደ ሰማንያ ምናምን ዓመት ሆኖታል፣ ስሙ ግን ታክሲ ላይ በየቀኑ ይጠራል። ለገሃር የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ። ፖፖላሬ የሕዝብ ቤቶች ማለት ነው። ሾላ የሚባል ሰፈር ሄደህ ሾላ ላታገኝ ትችላለህ። አድራሻችን ራሱ የተሠራው በዚህ ነው፦ «ከእንትን ወረድ ብሎ፣ ከእንትን ጀርባ፣ ድሮ እንትን የነበረበት»። «ድሮ እንትን የነበረበት» በዓለም ላይ ትክክለኛ አድራሻ ሆኖ የሚያገለግልበት ሌላ ከተማ ካለ እንጃ።

እንግዲህ ልዩነቱ ይሄ ነው። ሎስ አንጀለስ የባንከር ሂልን መልክ አስቀርታ ሰዉን በተነች። ፊልሙን የሚያይ ሰው ቤቱን ያያል፣ ማን እንደኖረበት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። እኛ ስሙን ይዘን መልኩን አጣን። ስሙ ደግሞ በአፍ ብቻ የሚኖር ነው፤ አፍ የሚኖረው ጎረቤት ሲኖር ነው። ጎረቤቱ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ኮንዶሚኒየም ሲሄድ «ድሮ እንትን የነበረበት» ሲባል የሚገባው ሰው የለም።

ታዲያ መልኩን ከየት እናምጣ? መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ፊልም ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ነው የታየው። ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን የሠራው በ1966 ነው። በመሃሉ ሆሊውድ ራሱ መጥቶ የ«ሻፍት ኢን አፍሪካ»ን ከፊል እዚህ ቀርጿል። ዝርዝሩ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሎስ አንጀለስ በአንድ ዓመት ከምታወጣው ጋር አይወዳደርም። የውጭ ዜና ፊልሞችም አሉ። የእንግሊዟ ንግሥት በ1957 ስትመጣ የተቀረጸው አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ማንም ያየዋል። ግን የዜና ካሜራ የሚከተለው የንጉሡን መኪና ነው። የንጉሡ መኪና ደግሞ ሰፊ መንገድ ነው የሚሄደው። ሰልፍ፣ ፈረሰኛ፣ አደባባይ፣ አዲስ ሕንፃ። ለእንግዳ የማይታየው ጓሮ እዚያም አይታይም። የፈረሰው ደግሞ በአብዛኛው ጓሮው ነው።

አክስቴ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ፣ እስከ 2016 ድረስ፣ እናቷ የተከራየችው የቀበሌ ቤት ውስጥ ኖረች። ዛሬ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናት። ስለ ድሮው ቤት ሲወራ ሰው በናፍቆት ታለቅሳለች ብሎ ይጠብቃል። «ሽንት ቤቱ እንኳ አይናፍቀኝም» ትላለች። ስምንት አባወራ ነበር በአንድ የሚጠቀመው። የውስጥ መታጠቢያዋን ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች። የሚቆጫት ሌላ ነው። ከቤት ሲወጡ ዕቃ ለመጫን ሲጣደፉ ማንም ፎቶ አላነሳም። ያሏት የድሮ ፎቶዎች ደግሞ ስቱዲዮ የተነሱ ናቸው፤ ከኋላ የተሳለ ፏፏቴ አለ። «ልጄ፣ አንተ የፈረንጅን ሰፈር ትፈልጋለህ አይደል? የእኔን በር አታገኝልኝም?» አለችኝ።

ፊልም ላይ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ቡፌ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ የራሷን ጓሮ ቀርጻለች፤ የቀረጸችው ግን ለሲኒማ አይደለም፣ ለሰርግ ነው። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ሰርግ ያለ ቪዲዮ አይታሰብም ነበር። ካሜራ ማኑ ሌሊት ከሙሽራው ቤት ይጀምራል፣ ፀጉር ቤት ይገባል፣ ሚዜዎቹን ተከትሎ ወደ ሙሽራዋ ሰፈር ይሄዳል። መኪና የማያስገባው ኮሮኮንች ጋ ሲደርሱ ይወርድና ፊቱን ወደ ሙሽራው አዙሮ፣ ጀርባውን ወደ ፊት፣ እየተደናቀፈ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ ይራመዳል። ከዚያ በር ላይ ሚዜዎቹን አስቁሞ የመከራከር ጨዋታ አለ፤ እሱም ደቂቃዎች ይፈጃል። ከዚያ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ይገቡና ከተማ ይዞራሉ፤ ካሜራው የፊተኛው መኪና ላይ ሆኖ ክላክሱንና ሱቁን አብሮ ይቀዳል። አስቡት። የትኛውም ዳይሬክተር ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ያንን ያህል ርቀት ካሜራ ይዞ አልሄደም። ሰርግ ቀራጭ ግን በየቅዳሜው ይሄድ ነበር።

የአክስቴ ጎረቤት ልጅ የተዳረችበት ካሴት ተገኘ። ዛሬ ዴክ ያለው ሰው ማግኘት ከካሴቱ ይከብዳል። ካሴቱ ሻጋታ ጀምሮት ነበር፤ ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል። ሻጋታ ያለውን ካሴት ዝም ብሎ ዴክ ውስጥ መክተት ክሩንም የዴኩንም ጭንቅላት ያበላሻል፤ መጀመሪያ ደረቅ ቦታ ማቆየት፣ ከዚያ በሚያውቅ ሰው እጅ ማስጠረግ ያስፈልጋል። ያንን አስደርጌ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። በሰከንድ 25 ፍሬም፤ ሙሽራው ከአስፋልት እስከ ሙሽራዋ በር የሄደበት መንገድ ብቻ 4 ደቂቃ ነው፣ ማለትም 6,000 ፍሬም። የአንድ ጠባብ መንገድ 6,000 ፎቶ ማለት ነው፤ እንደዚያ የተመዘገበ የሰፈራችን መንገድ አይቼ አላውቅም።

ሕጎቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። ያልፈረሰ ነገር? የእንጦጦ ጫፍ። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ከጣራዎቹ በላይ የተራራው መስመር ብቅ ይላል፤ ተራራ አይፈርስም። ካርታ? እንደ ሳንቦርን ያለ የለንም፤ ግን ጎግል ኧርዝ ላይ ዓመቱን ወደ ኋላ ስትመልሰው ከመፍረሱ በፊት ያለው የቆርቆሮ ጣራ ሁሉ ከላይ ይታያል። ቪዲዮው ላይ አንድ ቤት ጣራው ግማሹ የዛገ ግማሹ አዲስ ነው፣ ጎኑ ላይ ዛፍ አለ። ከላይም ያው ዛፍ አለ።

ጥላውን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሎስ አንጀለስ ላይ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በእኩለ ቀን ከኛ በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ እዚህ ወሩን ሳያውቁ ጥላን ማመን አይቻልም። ሰርጉ ግን በጥር ነው፤ የቪዲዮው ጥግ ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ ባይጻፍም የአዲስ አበባ ሰርግ ከጾሙ በፊት መሆኑን ማን ያጣዋል። በጥር ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ነው። የመብራት ምሰሶው ጥላ መንገዱን የሚያቋርጥበት ማዕዘን መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ከሳተላይቱ ምስል ጋር ገጠመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ በር የት ቦታ ላይ እንደነበረ በሜትሮች ልዩነት አውቅ ነበር።

የማን በር እንደሆነ ግን አንዱንም አላውቅም።

ላፕቶፑን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ቪዲዮውን በዝግታ ከፈትኩላት። ሙሽራውን ለአፍታ እንኳ አላየችውም። «ይሄ የልብስ ሰፊው ነው። ይሄ ጠላ ቤቱ። ይሄ የሻለቃው ግቢ» ትላለች። ሻለቃው ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ከሱ በኋላ እዚያ ግቢ ሦስት ቤተሰብ ተቀያይሯል፤ ግቢው ግን የሻለቃው ነው። «እዚህ ጋ ያለው ድንጋይ ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል» አለች፤ ካሜራ ማኑም ልክ እዚያ ድንጋይ ላይ ተንገዳገደ፣ ምስሉ ሰማይ አይቶ ተመለሰ። ሳቀች። እኔ ደግሞ እጻፍ ነበር፦ የፍሬም ቁጥር፣ ቦታ፣ ስም።

ፍሬም 4,112 ላይ እጄን ያዘችኝ።

በስተግራ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ። በሩ ላይ ነጠላ ያጣፋች ሴት እጇን ከግንባሯ በላይ አድርጋ፣ ፀሐይ እየተከላከለች ሰርገኛውን ታያለች። ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ አትቆይም። «እናቴ ናት» አለች አክስቴ። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ «አጥራልኝ» አለችኝ።

የድሮ ቪዲዮ ካሴት ምስሉ ደካማ ነው፤ የሴትየዋ ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር 12 ፒክስል አይሞላም። ዛሬ ይሄን «የሚያጠራ» ሶፍትዌር ስልክ ላይ ሁሉ አለ። ቁልፉን ብጫን በደቂቃ ውስጥ ዓይን፣ ቅንድብ፣ የከንፈር መስመር፣ ሁሉ ያለው ፊት ይወጣል። ግን ፊቱ የሚመጣው ከካሴቱ አይደለም፤ ካሴቱ ላይ የለም። ሶፍትዌሩ ከተማረባቸው በሺህ ከሚቆጠሩ የሌላ ሰው ፊቶች ገምቶ ይሞላዋል። ቆንጆ ሴት ትወጣለች፣ ሌላ ሴት። ከዚያ አክስቴ ያንን ፊት ደጋግማ ስታይ፣ ራሷ የምታስታውሰው ፊት በሱ ይተካል። ባለሙያ ነኝ፤ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ባቡሩ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ እንደተተከለው ነው፤ ስሙ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ቦታው ሌላ።

ይሄንኑ በአማርኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ቴቴ፣ ማሽኑ ፊት ይሰጣታል። የእናትሽን ፊት ግን አያውቀውም» አልኳት። ብዙ ጊዜ ወስዳ አሰበችበት። «እንደሱ ከሆነ ተወው» አለች። «እኔ አውቃታለሁ። ነጠላዋን እንደዚያ የምታጣፋው እሷ ብቻ ናት።»

መዝገቤ ላይ አንድ ዓምድ አለ፦ «በምን ተረጋገጠ»። አብዛኛው ረድፍ ላይ «በጥላ»፣ «በጣራ»፣ «በተራራ መስመር» ይላል። ፍሬም 4,112 ላይ በሩ «በጣራ» ነው። ሴትየዋ ላይ «በልጇ ቃል» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ነው ደግሞ ሌሎቹን ረድፎች ያየኋቸው። ልብስ ሰፊው፣ ጠላ ቤቱ፣ ሻለቃው፣ የሚያንሸራትተው ድንጋይ፣ ሁሉም በሷ ቃል ነው። መሣሪያዬ ሁሉ ተደምሮ የነገረኝ እዚህ ቦታ ላይ በር እንደነበረ ነው። በር ደግሞ በየትኛውም ከተማ አለ።

ባንከር ሂል ላይ ይሄ ዓምድ ባዶ ነው። ከ«ክሪስ ክሮስ» መስኮት ባሻገር ያለውን እያንዳንዱን ቤት ከካርታው ጋር ማግጠም ይቻላል፤ ልብሷን ስላሰጣችው ባልቴት ግን አሁን የሚጠየቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ጊዜው አልፏል። ኬንት ማኬንዚ ገና ተማሪ እያለ፣ ከ«ዘ ኤግዛይልስ» በፊት፣ የኮረብታውን ጡረተኞች ስለሚመጣባቸው ነገር ጠይቆ «ባንከር ሂል 1956» የሚል አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ነበር። ድምፃቸው ያለው እሱ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ስለጠየቃቸው ነው። የኛዎቹ ሰፈር ፈርሷል፣ የሚጠየቁት ሰዎች ግን ገና በሕይወት አሉ። ይሄ ልዩነት ለዘላለም አይቆይም። የአክስቴ እኩዮች ሰባ እያለፉ ነው፤ ካሴቶቹም ሻጋታ እየበላቸው ነው። ማን ቀድሞ እንደሚያልቅ አይታወቅም።

ስለዚህ ይሄን የምታነቡ፣ ፒያሳ ወይ ካዛንቺስ ወይ ሌላ የፈረሰ ሰፈር ዘመድ ያላችሁ፣ ቡፌው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ካሴት ካለ አውጡት። ነጭ ነገር ካለበት ዴክ ውስጥ አትክተቱት። አስገልብጡት። ከዚያ ዋናው ነገር፣ ብቻችሁን አትዩት። እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ የሰፈሩን ሽማግሌ አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ድምፁን ቀንሱ፣ ሙሽራዋን እለፏት፣ ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ እያሳያችሁ «ይሄ የማን ነው?» በሉ። የሚሏችሁን እንዳሉት ጻፉት፤ «የሻለቃው ግቢ» ካሉ «የሻለቃው ግቢ» በሉ፣ ሻለቃው ሞቷል ብላችሁ አታርሙ። ማን እንደነገራችሁም ጻፉ።

ከአክስቴ ጋር እስካሁን ሦስት ካሴት አይተናል። 61 በር፣ 2 ጠላ ቤት፣ አንድ ወፍጮ ቤት መዝግበናል። አራተኛውን ካሴት ሰጪው ሰው «ምንም የለበትም፣ የቆመ ሰው ብቻ ነው» ብሎኛል። ለቅዳሜ ቀጥረናል።